ገብሱ የጨረሰው አየር

ለውድ ወንድሜ ጌታነህ ይርጋ፣

እንደምን ከርመሃል? የጅማው ዝናብ ተስማማህ ወይ? ያ የደረት ሳልህስ ለቀቀህ? ባለቤትህ ፅጌ፣ ልጃችሁ ናትናኤል ደኅና ናቸው? እኛ ሁላችንም አለን፤ አባባም አሉ። ክፉው ስላለፈ ሳትደነግጥ አንብበው።

ባለፈው ማክሰኞ አባባ የዘር ገብስ ሊያወጡ የጓሮውን የእህል ጉድጓድ ከፈቱ። ለካ ክዳኑ ተሰንጥቆ ዝናብ ገብቶበት ኖሯል። ጉልበታቸው ስለማያወጣቸው ገመድ በብብታቸው ሥር አስረን፣ እኔና ጎረቤታችን ካሴ አወረድናቸው። አንድ ቁና እንኳ ሳይሰፍሩ «ራሴን አዞረኝ» አሉ። ከዚያ ዝም።

ካሴ ጋቢውን ጥሎ ሊገባ ሲል እግሩን ይዤ ተንጠለጠልሁበት። «አንተም ትቀራለህ! ገመዱን ሳብ!» ብዬ ጮህሁ። እማ «አባትሽ ሲሞት ቆመሽ ታያለሽ? ልቀቂው!» እያለች ጀርባዬን ደበደበችኝ። አልለቀቅሁም። ካሴ ነገሩ ሲገባው ገመዱን ያዘ፤ እማም ያዘች፤ ሦስታችን ጎትተን አወጣናቸው።

ከንፈራቸው አመድ መስሏል፤ ትንፋሽ የለም። አንገታቸውን ቀና አድርጌ፣ አፍንጫቸውን ይዤ በአፋቸው እፍ አልሁ። ስንቴ እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ በኃይል ሳሉና ዓይናቸውን ገልጠው «ገብሱ ሻግቷል» አሉ። እማ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

በቃሬዛ ወገዳ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ኦክስጅን ተደርጎላቸው፣ አንድ ሌሊት አድረው በእግራቸው ቤት ገቡ።

ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች «ጉድጓዱ ጋኔን አለበት፣ ጠበል ይረጭ» አሉ። እኔም «ይረጭ፤ ነገር ግን ማንም እንዳይገባ» አልሁና ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ነገርኋቸው። ዘር ሕይወት አለው፣ ተከድኖም ይተነፍሳል፤ እርጥበት ሲነካው ደግሞ ይብስበታል። ለእኛ የሚሆነውን አየር ይጨርስና እኛ አስወጥተን የምንጥለውን ዓይነት ይተዋል፤ ያም ከባድ ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። አባባ ይህን ሲሰሙ «ስንት ዓመት ሙሉ ትንፋሽ ያለውን ነገር ስቀብር ኖሬያለሁ» አሉ። አሁን ጉድጓዱን ደፍነነዋል፤ ከእንግዲህ ገብስ የምናስቀምጠው ጎተራ ነው።

ትናንት እማ ራሴን ቅቤ ስትቀባኝ ያን የደበደበችውን ጀርባዬን ደጋግማ በመዳፏ ዳበሰችው።

አባባ «ደኅና ነኝ፣ በዚህ ክረምት መንገድ እንዳይመጣ ብለሽ ጻፊ» ብለውኛል። ጻፍሁልህ። እሳቸው ግን በር ላይ ተቀምጠው አላፊውን አውቶቡስ ሁሉ ሲያዩ ይውላሉ።

እማ ናፍቆቷን ትልካለች፤ ካሴም ሰላም ብሎሃል። ፅጌን ሳምልኝ፣ ናትናኤልን ጉንጩን ሳምልኝ።

እህትህ አዜብ
ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ
ሰኔ 19 ቀን 2014 ዓ.ም.