ከመቀመጫዬ ሳልነሳ

ይድረስ ለቤቴ እመቤት፣ ለጥሩነሽ።

ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ወንዛችን ደቻቱ ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ደረቀ። ጤናሽ እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅሽም፤ አንቺስ አርፈሻል። የተቸገርኩት እኔ ነኝ። ፊደል እንደማልቆጥር ታውቂያለሽ፤ የምትጽፍልኝ ልጃችን አስቴር ናት። የምለውን እንዳለ አስፍሪው፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

የቤቱን ልንገርሽ። የግቢው የኒም ዛፍ አድጎ ከጣሪያው በልጧል፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው በሩ ድረስ ይመጣል። እሳት ስማግድለት ያረጀሁት የጭስ ባቡር ቀርቶ አሁን የሚያልፈው የናፍጣው ብቻ ነው። ድምፁን አልወደድኩትም። ወጣችን ደግሞ ጨው የለውም። አንቺ ብትቀምሺው ድስቱን ከነወጡ ለውሻ ትሰጪው ነበር።

ጨው የተከለከልኩት በደም ብዛት ነው። አንቺን ከቀበርን ወዲህ ራሴን ሲወቅረኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ ባቡር ሲያፏጭ ይውል ነበር። ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት። ጎትታ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ አስቴር ናት። ፈረንጁ ሐኪም ክንዴን በጨርቅ ጠቅልሎ በአየር ወጠረው፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። የሚያስተረጉምለት ረዳቱ፣ ድሬሰሩ፣ «አባባ፣ ደምዎ በዝቷል። ይሄን ኪኒን ዕድሜ ልክዎን ይውጣሉ» አለኝ። «ምን አጥፍቼ ነው ዕድሜ ልክ የሚፈረድብኝ?» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ኪኒኑ ራስ ምታቱን አስታገሰው፣ አልዋሽም። ግን ሌላ ጣጣ ይዞብኝ መጣ። አፍንጫዬ ተደፍኖ በአፌ ነው የምተነፍሰው፤ አፌ ደግሞ በዚህ ሙቀት እንደ ደቻቱ አሸዋ ይደርቃል። ያለ ምክንያት ሆዴ ይባባል። ቀብርሽ ላይ ሰው ፊት ያላለቀስኩት ሰውዬ፣ ባለፈው የጎረቤት ፍየል ስትጮህ ሰምቼ አለቀስኩ። አስቴር ይሄን አልጽፍም ብላ ብዕሩን አስቀምጣ ነበር። ጻፊ አልኳት፤ እናትሽ የማታውቀው ምን ገመና አለኝ?

ይሄን ሁሉ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት መነሳቱን ነው። ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልማል፣ መሬቱ ይሸሸኛል።

እኔ እንግዳ ሲገባ ተቀምጬ የምጠብቅ ሰው አልነበርኩም። ሕፃን ይሁን ለማኝ፣ ብድግ ብዬ «ኖር!» ነው የምለው። «አንተ ሰው፣ ድመት ብትገባም ትነሳላታለህ» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ ወጉን ጥሼ ከሽማግሌዎቹ ጋር አባትሽ ቤት የመጣሁ ዕለት፣ ውሃ ይዘሽ ስትገቢ ብድግ ያልኩልሽ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ አፈሩብኝ። አንቺ ግን በኋላ «እሺ ያልኩህ ያን ጊዜ ነው» ብለሽኛል።

አንድ ቀን ሐጂ አብዲ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ያው ጨርቅ ነጋዴው ሶማሌ ጎረቤታችን። እንደ ልማዴ ብድግ አልኩ። ራሴን ያገኘሁት መሬት ላይ ነው፣ ሻዩም ሐጂ ሽርጥ ላይ ተደፍቷል። ምንጣፉ አደናቀፈኝ ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ ተቀምጬ እጄን እዘረጋ ጀመር። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ኪኒን ያዞረኛል ብሎ ማስረዳት ለኔ ልመና ነው። በእድሩ «ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ኮራ» ተባለ። ኩሩስ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ኩራት ግን አልነበረኝም።

ሙት ዓመትሽ ሲደርስ አልቻልኩም። ላንቺ ነፍስ የመጣን ሰው ተቀምጬ ልቀበል? ለአስቴር ሳልነግር ኪኒኑን ቀደም ብዬ አቆምኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም ሳይቆይ እግሬ መሬቱን ቆነጠጠ። ያን ቀን በራችን ላይ ቆሜ ዋልኩ። ካህናቱን፣ እድርተኛውን፣ ሐጂን ከነልጆቹ፣ ሁሉንም ቆሜ ተቀበልኩ። ኮርቼ ነበር፣ ጥሩነሽ።

ሰው ሲበተን አፍንጫዬ ደማ። በዛ የተባለው ደም መውጫ አገኘ ብዬ ደስ አለኝ፤ እይልኝ ጅልነቴን! ጋቢዬ እስኪቀላ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ አስቴርን ልጥራት ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ቀኝ እጄም ከጎኔ ተንጠለጠለ። ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ሐጂ ነው፣ በመኪናው።

ምላሴ ተመልሶልኛል። እጄ ግን ጉርሻ አይጠቀልልም፤ አስቴር ታጎርሰኛለች። ሐኪሙ በድሬሰሩ አፍ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ ሌላ ጊዜ ካቋረጥኩ ጭራሽ አልነሳም። ስነሳ ስለሚያዞረኝ ነው ያቆምኩት ብዬ ስናዘዝ ሐጂ አልጋው አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበርና ምስጢሬም ወጣ።

አሁን ሐጂ ከግቢው በር ጀምሮ «አቦ እንዳትነሳ! ወላሂ ከተነሳህ እመለሳለሁ!» እያለ ይጮሃል። ገብቶም ወንበሩን ትቶ ከእግሬ ሥር ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል። የሠፈሩ ሰውም ከሱ ተማረ፤ ከደጅ «አይነሱ አባባ!» ይሉኛል። ለክብሬ እንደሆነ አውቃለሁ። በጮሁ ቁጥር ግን ያመኛል።

ኪኒኑን እየዋጥኩ ነው። ፈርቼ አይደለም፤ ልጅቱ ብቻዋን እንዳትቀር ነው። እሺ፣ ፈርቼም ነው። አስቴር፣ ይሄንንም ጻፊው።

የባሰብኝ ሕልሙ ነው። ይሄም የኪኒኑ ነው አሉኝ። እንደዚያን ቀን ውሃ ይዘሽ ትገቢያለሽ። ልነሳልሽ እታገላለሁ፣ ጉልበቴ እንቢ ይላል። ትንሽ ትጠብቂኝና ፊትሽን አዙረሽ ትወጫለሽ። ላብ አጥምቆኝ እነቃለሁ።

ስለዚህ ልለምንሽ ነው፤ ለምኜሽ አላውቅም። ዳግመኛ ስትመጪ አትሂጂብኝ። የያዘኝ ኪኒኑ ነው እንጂ ልቤስ ገና ከበሩ ሳትደርሺ ተነስቶልሻል። ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬም ቢሆን ስምሽን አስጠራለሁ፤ አፌ እስከታዘዘኝ ድረስ አንድም ቀን አልረሳሽም። ወዳለሽበት ስመጣ ኪኒኑ አይከተለኝምና በእግሬ ቆሜ ነው የምገባው። አንቺ ግን ስትለፊ ኖረሻል፤ እንዳትነሺልኝ። ተቀምጠሽ ቆዪኝ።