ሰባተኛዋ ፈታይ

ደምስዬ፣ አባወራዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ሙት ዓመትህን ካሰብን ወዲህ ልጻፍለት አልጻፍለት እያልኩ ስነሳ ስቀመጥ ቆይቼ ዛሬ ቆረጥኩ፤ የምነግርህ ስላለኝ ነው።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልህ ዋሸሁ። ልጅህ ሰብለ አግብታ አዲስ አበባ ገብታለች። ጓሮ ያለውን የነሐስ ማቅለጫ ምድጃህን አመድ ሞልቶት ዶሮዎቼ ይንከባለሉበት ነበር። ጎረቤቶችም የነሐስ ቧንቧቸውን መደበቅ ትተዋል። አሮጌ ቧንቧ ስታይ ዓይንህ እንዴት እንደሚያበራ ያውቁ ነበራ።

በጣም የሚናፍቀኝ የሰም ቀን ነው። ከአንኮበር የመጣውን ሰም ስታቀልጥ የማሩ ሽታ የሰፈሩን ንብ ሁሉ እየጠራ ቤታችንን ያስወርረው ነበር። አንተ በሰሙ የሰው ምስል ታወጣለህ፣ እኔ በነጠላዬ ንብ አባርራለሁ። ከዚያ ሰሙን በጭቃ ትለብጠዋለህ፤ ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ነሐስ ይፈስበታል። ከአንድ ምስል ከሰባት በላይ ሠርተህ አታውቅም። ሰባተኛውን ሰም እንዳወጣህ ሰሙ የሚፈስበትን ቅርጽ ማውጫ ላስቲክ እፊታችን በቢላ ትቆራርጠዋለህ። የቅርጻ ቅርጽ ሰብሳቢዎች ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጡት ከሰባት አይበልጥም ስለሚለው ቃልህም ጭምር ነበር።

ሰባተኛዋ ሁልጊዜ የቤታችን ትባላለች፤ ግን አንዷም ቤታችን ከርማ አታውቅም። የአልዩ አምባው ግመል ነጂ ለሚዜህ ሄደ። ገብስ የምታበጥረዋን የጎረቤላ ሴት አንድ እንግዳ አሞገሰልህና አንስተህ ሰጠኸው። እጅህ ወንፊት ነበር፣ ደምስዬ።

እኔን የበግ ጸጉር ስፈትል የሠራኸኝ ጊዜ ግን ይቺስ ከቤት አትወጣም ብለህ ማልክልኝ። አፍንጫዬን አስረዘምከው ብዬ ሳምንት አኩርፌህ ነበር፤ አሁን መስታወት ሳይ አፍንጫው ልክ ነው። ስድስቱ ተሸጡ። የሰባተኛዋን ሰም አወጣህ፣ ላስቲኩን ቆራረጥክ፣ ከዚያ ታመምክ።

ሰሟን በነጠላ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አኖርኳት። የደብረ ብርሃን ብርድ ለአንድ ጊዜ እንኳ ጠቀመኝ። ጀርባዋ ላይ፣ የኩታውን እጥፋት ስትጫን ያረፈው የአውራ ጣትህ አሻራ አለ፤ አለስልሰህ ሳታጠፋው ነው የተኛኸው። በነሐስ ላስወጣት ብል፣ ነሐሱ በደንብ ካልገባ ሰሟም አሻራህም ጠፋ፤ ሌላ ሰም የሚወጣበት ቅርጽ ማውጫም የለም። እንዲሁ ትቀመጥ ብል ደግሞ ሰም ነች። ከአንተ የቀረኝን በገዛ እጄ እንዳላጠፋ ፈራሁ።

ከአንተ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ምድጃ ያነደደው ጌታቸው ነው የገሠጸኝ። «እትዬ ሙሉ፣ ሰም ሆና ከቆየች አይጥ ይበላታል፤ ነሐስ ከሆነች ግን ሁላችንንም ትቀብራለች» አለኝ።

ጥቅምት ላይ ምድጃህ ነደደ። ነሐስ ሲፈስ ማንም እንዳይናገር ታዝ የነበረውን አልሻርንም። በአንዱ ቀዳዳ የገባው ነሐስ በሌላው ብቅ እስኪል ትንፋሽህን ይዘህ ትጠብቅና፣ ብቅ ሲል «ጠጣች» ትል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው እኛ የምንተነፍሰው። ያን ቀን ዘገየ። ኋላ ብቅ አለ፤ ጌታቸው ግን ወደ እኔ ዞረ። ቃሉን ለእኔ ትቶልኝ ኖሯል። «ጠጣች» አልኩና አለቀስኩ።

ጭቃው ሲሰበር የእንዝርቷ ጫፍ ጎድሎ ተገኘ። ጀርባዋ ግን ከነአሻራህ ወጣ። ጌታቸው እንደ ልማዱ ሞረድ አንስቶ ሊያለሰልሰው ሲል እጁን ያዝኩት። ገብቶት ሞረዱን አስቀመጠና ከሥሯ የ፯ን ቁጥር መታባት። ስድስተኛዋን የገዛው ሰብሳቢ ወሬውን ሰምቶ መጣ፤ እያገላበጠ ሲያያት ቆየና ልግዛት አለ። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት።

አሁን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ትፈትላለች። ማልኩልሽ ያልከኝ ደርሷል። እንዳትጠቁር በጨርቅ እወለውላታለሁ፤ ጀርባዋን ግን ጨርቅ አይነካውም። እስካለሁ ድረስ አልረሳህም። ጠዋት ጠዋት አውራ ጣቴን አሻራህ ላይ አሳርፋለሁ። ይሰፋኛል።

ያንተዋ ሙሉ