ስለ አምበላችሁ ያልኩት

ጓደኛዬ፣

ዳቦ ቤት የማለዳ ሥራ ተረኛ ስለሆንኩ ሳልቀሰቅስህ ወጣሁ። ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ባልዲው ሲሞላ ድፋው።

ትናንት እራት ላይ የምትደግፈው ቡድን አምበል ጫማ ስለመስቀሉ ስንከራከር፣ «እግሩ ከከዳው ሦስት ዓመቱ፤ ድሮ ነበር ማባረር» አልኩህ። ምግብህን ትተህ ክፍልህ ገባህ። እኔ የረታሁህ መስሎኝ ሳቅኩ።

አባትህን ከፋብሪካ ያሰናበቷቸው «እጅዎ ከድቶዎታል» ብለው እንደሆነ ትዝ ያለኝ አሁን ጫማዬን ሳስር ነው።

ደክሞኛል፣ ብዙ አልጽፍም። ስለ ሰውየው ሐሳቤን አልቀየርኩም። አንድ ዋንጫ እንኳ አላመጣላችሁም።

አባትህ ቅዳሜ ሲመጡ ግን አልጋዬን አንጥፍላቸው፤ እኔ ሶፋው ይበቃኛል። የመሰናበቻ ጨዋታውን ሦስታችን እናየዋለን። አምበሉ ከሜዳ ሲወጣ እኔም ተነስቼ አጨበጭባለሁ።

ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ።