የጌታነሽ የበግ ፀጉር

ዓለሜ፣ እናንተ ሐዋሳ በሙቀት ስትቀልጡ እኔ መንዝ፣ ዘመሮ ላይ ሁለት ጋቢ ደርቤ አሰለጥናለሁ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሥልጠናው በልጅነታቸው ጥቃት የደረሰባቸውን አዋቂዎች ስለ መርዳት ነው። ማኅበራዊ ሠራተኞቹን "ስታዳምጡ ዓይን ዓይናቸውን እዩ" እያልኩ ሁለት ቀን ስጎተጉት ነበር። ዛሬ ልምምድ ሆነና ከሠልጣኞቹ ጋሽ ጫኔ እንደ ተጎጂ ሊናገሩ፣ ጌታነሽ ልታዳምጥ ተቀመጡ። ጌታነሽ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከቦርሳዋ የበግ ፀጉር አውጥታ "እስቲ ይሄን ያፍታቱልኝ" ብላ ግማሹን ሰጠቻቸውና እንዝርቷን ታሾር ጀመር።

"እህቴ፣ ሥልጠና ላይ እኮ ነን!" አልኩ ቆጣ ብዬ።

"ካፈጠጡበትማ ሰው እንዴት ይናገራል? እጁ ሥራ ሲይዝ ነው የሚያወራው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጋሽ ጫኔ አቀርቅረው ሲያወሩ ልምምድ መሆኑን ሁላችንም ረሳነው። ሲጨርሱ ፀጉሩም አልቋል። "ጌታነሽ፣ በዚህ አያያዝማ ሥልጠናው ሳያልቅ የምትደርቢው ባና ተሸምኖ ለብርድ ይደርሳል" ቢሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እኔ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። የራሴን የልጅነት ጉድ መጀመሪያ የነገርኩሽ ቀን የነጭ ሽንኩርቱን ሰሃን ወደ እኔ ገፋ አደረግሽው። ልጠን እስክንጨርስ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። ለካ ሳትሠለጥኚ ቀድመሽኛል!

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እማማን በሁለቱም ጉንጫቸው ሳሚልኝ። ቅዳሜ ስመጣ ነጭ ሽንኩርት ገዝተሽ ጠብቂኝ፤ የዘንድሮው ወሬዬ ሁሉ ደስ የሚል ነው።

ህሊና