የማድ ቤቱ ምሰሶ

ልጄ እፀገነት፣ እመብርሃን በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ሳል ቀለል ብሎለታል። «አሳድሺው» ብለሽ የጨቀጨቅሽኝ ማድ ቤት ውሃ ገባለት፣ ግድግዳውም ነጭ ሴራሚክ ለበሰ።

ግን ጉድ ልንገርሽ። አባቴ ሳሎኑንም ማድ ቤቱንም ያቆማቸው በአንድ ዓይነት ባሕር ዛፍ ነበር። የሳሎኑን ምሰሶ ምስጥ ጨርሶት፣ ለእድሳቱ የመጣው አናጢ ሲነካው እንደ ዱቄት ተበተነ። የማድ ቤቱን በመጥረቢያ ቢመታው ግን እንደ ብረት ጮኸ! «ይሄንንማ ጭሱ ነው የጠበቀው፣ እትዬ» አለኝ።

ዕድሜ ልኬን እያስለቀሰኝ የረገምኩት ጭስ! እንዳትነቅለው ብዬው፣ ከነጥቁረቱ በሴራሚኩ መሃል ቆሟል።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። አደራሽን፣ ስትመጪ ቀለም እንቀባው እንዳትይኝ። አንቺንም ያሳደግኩሽ በዚያው ጭስ ውስጥ ነው።

እናትሽ ወለተጻድቅ