አባዬን ወረታ ያደረሳቸው ዝምታ

ሰኞ

አባዬን ወረታ ወሰዷቸው! ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል የዓይን ሞራ ሊገፈፍላቸው ቀጠሮ ነበራቸው። በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ረፈደ፤ ተራቸው ሲጠራ የሉም። ከጋሳይ ሲሳፈሩ ለረዳቱ «ሆስፒታሉ ጋ አውርደኝ» ብለውታል። ረስቷል፣ ደንቆሮ! እሳቸው ደግሞ ባንድ ዓይናቸው የሆስፒታሉ አጥር ሲያልፍ እያዩ ዝም። ከተማችንን አልፈው ወረታ ድረስ! ተመልሰው ቤቴ የደረሱት ከሰዓት ነው።

«ምነው አልተናገሩም?»

«ነግሬዋለሁ እኮ። ሽማግሌ ሰው መሐል ይጮኻል እንዴ?»

ማክሰኞ

መናኸሪያ ሄጄ ረዳቱን አገኘሁት። ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ። «ወራጅ አለ ካላሉ እኔ ነቢይ ነኝ?» አለኝ። ሰው እስኪሰበሰብ ሰደብሁት። አልወጣልኝም።

ላስተምር ክፍል ስገባ ደግሞ የዕለቱ የእንግሊዝኛ ትምህርት! «አላይት»፦ ከአውቶቡስ መውረድ፣ ከበቅሎ መውረድ፤ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ስታርፍም ይባላል። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፍ ጨዋ ቃል ነው፣ በአፍ «ጌት ኦፍ» ይበቃል ብዬ አስረዳሁ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ እነሱ አገር መውረድ የፈለገ ሰው ምን ብሎ ይጮኻል?» አለች። «ደወል ይጫናል!» ብዬ ጮኽሁባት። ምን አጠፋች? የተናደድሁት በራሴ ነው። «ለረዳቱ ይንገሩት፣ ይበቃል» ያልኋቸው እኔ ነኝ። ጋሳይ ሄጄ ይዣቸው መምጣት ሰነፍሁ።

ረቡዕ

ሞራ ሊገፉ ለጥቂት ቀን ሆስፒታሉ የመጡት እንግዶች የዓይን ሐኪሞች ነገ ጨርሰው ይሄዳሉ። ነርሷ «የቀረ ሰው ካለ ትገባላችሁ፣ በጠዋት ኑ» አለች። ከሌለስ? መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። አባዬ «እግዜር ያላለው ነው፣ ይቅር» ይላሉ። በረዳት ጥፋት እግዜርን! «እስቲ እዚሁ ቤት፣ አንዴ ወራጅ አለ ይበሉ» ብላቸው «በቅሎዬ ላይ እንኳ ጮኼ አላውቅም፣ አንቺ ልጅ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሳህን ሰበርሁ። ሆን ብዬ አይደለም፣ ይመስለኛል።

ሐሙስ

አንድ ሰው ቀረ! ገቡ። ተገፈፈላቸው። ተመስገን።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጡ አሮጊት «ውይ፣ መውረጃዬ አለፈኝ» በለሆሳስ ሲሉ ሰማሁ። አባዬ፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ እንደታሸገ፣ በዱላቸው ወለሉን መትተው «ወራጅ አለ! አቁም አንተ!» አሉ። መኪናው ሙሉ ደነገጠ። ሾፌሩ ቀጥ አለ።

ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ። «ለራስዎ ዓይንስ?» አልኋቸው።

«ለራስ ሲሆን ነውር ነው» አሉኝ፣ ረጋ ብለው።

ፋሻው ነገ ይፈታል። ሐኪሙ «ካመመዎት ቶሎ ይናገሩ» ብሏቸዋል። ይኸው አልጋው ላይ ጋደም ብለው ዝም ብለዋል። እያመማቸው እንደሁ በምን ልወቅ?