ዶሮዎቹን ያስጾምኩበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬም ደም! የሻምበል አናት ተቦጭቆ ዓይኑ እስኪሸፈን ደምቷል። ሻምበል የባለቤቴ የተሰማ ድንክዬ አውራ ዶሮ ነው። ከርግብ ብዙም አይበልጥ፣ ኩራቱ ግን የጄኔራል ነው። ሁለት ድንክዬ ሚስቶች አሉት። ዘራቸው ተሰማ ምድር ባቡር ሲሠራ ፈረንሳዊ አለቃው አገሩ ሲገባ የተወለት ነው።

የሚደበድቡት ግርማ ያመጣቸው አራቱ የፈረንጅ ዶሮዎች ናቸው። ግርማ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ የከባድ መኪና ሹፌር። እዚህ ገበያ የሚገኘው የሙስሊም እርድ ስለሆነ ለፋሲካ ከአዳማ ከነሕይወቷ አንድ ዶሮ ያመጣልኝና እሱው ይባርክልኛል። ዘንድሮ አራት አመጣ፣ ያውም ሳምንት ቀድሞ። እኔም ይላመዱ ብዬ ቅዳሜ ዕለት ከድንክዬዎቹ ጋር አንድ ቆጥ ላይ ሰደድኳቸው። አይ እኔ!

ማክሰኞ

ያልሞከርኩት የለም። ቆጡን በጣውላ ከፈልኩ፣ ዘለሉት። ዋና ደብዳቢዋን ቀይዋን በእግሯ አሰርኳት፣ ሦስቱ ተረከቡ። በመጥረጊያ መታኋቸው፣ መጥረጊያው ተሰበረ። የአንዷ ድንክዬ ጀርባ ላባው ተነጭቶ ቀይ ሥጋ ሆኗል።

የዶሮ ነገር ብቻ ቢሆን ምን አስጨነቀኝ። ተሰማን ስትሮክ ከመታው ሰባት ወሩ። አንደበቱ ተይዟል፣ ቀኝ እጁም ተጨብጦ ቀርቷል። ሐኪሙ ጣቶቹ ካልተንቀሳቀሱ እንደዚያው ደርቀው ይቀራሉ ብሏል። እኔ ስለምነው አይከፍታቸውም፣ ልጆቹ በስልክ ሲያለቅሱ አይከፍታቸውም። ለነዚህ ድንክዬዎች ግን ይከፍታቸዋል። ጠዋት በረንዳ ላይ ሲቀመጥ እግሩ ሥር ይመጣሉ፣ የዳቦ ፍርፋሪ መዳፉ ውስጥ አደርግለታለሁ፣ ቀስ ብሎ ይበትንላቸዋል። ሐኪሙ ያላገኘው መድኃኒት ያ ነው።

ዛሬ አንዳቸውም ወደ በረንዳው አልመጡም። ፈርተው ከበርሜል ኋላ ተወትፈዋል። ፍርፋሪው መዳፉ ውስጥ እንዳለ ተጨበጠ። ቁርሱንም እንቢ አለ።

ረቡዕ

ጀርባዋ የተነጨችው ሞተች። ተሰማ ሳያይ በፌስታል ጠቅልዬ አወጣሁ። አይቷል መሰለኝ።

ጎረቤቴ ካዲጃ በአጥሩ ቆርቆሮ አሻግራ ስታየኝ ቆይታ፣ "አስቴር፣ ለመሆኑ ምን ትሰጫቸዋለሽ?" አለችኝ።

"ከቤት የተረፈውን ነዋ፣ እንደ ወትሮው።"

"በጾማችሁ ደግሞ ከቤትሽ ምን ይተርፋል?"

እውነቷን ነው። ሁለት ወር ሙሉ የዓሣ አጥንት የለ፣ ቅባት የለ። ሕማማት ከገባ ወዲህማ እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስለማልቀምስ፣ እነሱም የሚደርሳቸው በቀን አንዴ ነው፤ እሱም ጭብጥ የማትሞላ ሽሮ የነካው እንጀራ። ለተሰማ እንኳ ሐኪሙ አትጹም ስላለው ለብቻው እሠራለታለሁ። ድንክዬዎቹ በረሮ እየለቀሙ ከርመዋል። ያን ሁሉ መንገድ በካርቶን ታፍገው የመጡት ግዙፎች ግን ረሃብ ሲጠናባቸው ምን ያድርጉ? ደም አዩ፣ ደም ቀመሱ።

ካዲጃ ሳቋ መጣ። "ወላሂ፣ እኛ እንኳ በረመዳን ፍየሏን እናበላታለን!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐሙስ

ዓሣ በሕማማት ቤቴ አይገባም ብዬ ስለገገምኩ፣ ካዲጃ የዓሣ ጭንቅላት እሷ ዘንድ ቀቅላ በአጥሩ ላይ ወረወረችላቸው። እኔ በነጠላዬ አፍንጫዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ከጉልባኑም ገና ሳልቀምሰው ቀንሼ ሰጠኋቸው። ግዙፎቹ ጠግበው ጥላ ሥር ተዘረሩ። ቀይዋ እንኳ ማንንም አልነካችም። ከሰኞ ጀምሮ ይሄን ባደርግ ኖሮ!

የቀረችው ድንክዬ ግን አንድ ፍሬ አላነሳችም። ተሰማም ያው ነው። ጣቶቹን በሞቀ ውሃ ነክሬ አንድ በአንድ ላላቅቃቸው ስል አቃሰተ። ተውኩት።

ዓርብ

ስግደት ውዬ ጉልበቴ የለም። ለቄሱ ተናዘዝኩ። "አባ፣ ዶሮ ሳስጾም ከረምኩ።" ለመከላከልም ሞከርኩ፣ "የነነዌስ ከብቶች ጾመው የለ?"

"እነሱን ያዘዘ ንጉሥ ነው" አሉኝ። "አንቺ ንጉሥ ነሽ?" ሳይስቁ አርባ ስግደት ጨመሩብኝ።

ስመለስ ሁለተኛዋ ድንክዬ ውሃ ዕቃው አጠገብ ሞታ ተዘርግታለች። ሙቀቱ ይሁን ቁስሉ እንጃ። በረንዳው ላይ ተሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። አለቀስኩ። ለዶሮ እንዲህ ይለቀሳል? ይለቀሳል እንጂ። ያ እጅ ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ጨብጦ ሎኮሞቲቭ ሲፈታ የኖረ እጅ ነው።

ቅዳሜ

ግርማ ቢላውን ይዞ መጣ። "አራቱንም እረድልኝ" አልኩት። "ዘራቸው እንዳይቀር! መጀመሪያ ቀይዋን።"

"እትዬ፣ አራት ዶሮ ማን ይበላል?"

"ለሰፈሩ አበሻ፣ ለክርስቲያኑ ሁሉ አከፋፍላለሁ፣ ምን አገባህ?"

ሦስቱን ጨረሰ። ቀይዋ አመለጠችው፤ ሮጣ በርሜሉ ኋላ ገባች። ግርማ ሊጎትታት ሲያጎነብስ ሳቀ። "እትዬ፣ ነይ እዪ።" ሻምበል እክንፏ ሥር ተሸጉጧል። አናቱ ላይ እሷ ያደረሰችበት ቁስል ገና አልደረቀም። ሚስቶቹ አልቀዋል፣ ከዶሮ ወገን የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሰነፍ! ብዬ ልሰድበው ስል ከኋላዬ፣ ከበረንዳው፣ ድምፅ ሰማሁ።

"ብቻውን..." አለ ተሰማ።

ቃል ከአፉ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው። ከንፈሩ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠና፣ "ብቻውን... አታስቀሩት" አለ።

ግርማ ቢላውን ጠርጎ ወደ ሰገባው መለሰ።

እሑድ

ፋሲካ። ወጡ ቀልቷል፣ ግርማ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ካዲጃ ልጆቿን ልካ እንኳን አደረሳችሁ አስባለችን።

ጠዋት ተሰማን በረንዳ ላይ አስቀምጬ ፍርፋሪ ቀኝ መዳፉ ላይ ላደርግ ሞከርኩ። አልተከፈተም። እንደ ድንጋይ ሆኗል። ሐኪሙ ያለው ደረሰ መሰለኝ። ፍርፋሪውን ጭኑ ላይ ተውኩለት። ቀይዋ ፊት ፊት፣ ሻምበል ኋላ ኋላ እያሉ መጡ። ተሰማ ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ በግራ እጁ፣ እንደ ሕፃን እያፈሰሰ፣ በተነላቸው። ቀይዋ አብዛኛውን ቀማችው። ሻምበል ሁለት ፍሬ ደረሰው።